ዓይን የጨፈነ ፎቶ

አጅማን፣ ከዓሣ ተራ ጀርባ፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ፣
አንድ ጠባብ ማተሚያ ቤት አለ፤ እኔ ነኝ እዚያ ቀለም የምመግብ።
የሻዋርማ ዋጋ ዝርዝር፣ «አልጋ ይከራያል»፣ የጠፋች ድመት፣
ጉርድ ፎቶ፣ ስምንቱ በአሥር ድርሃም፣ በአምስት ደቂቃ የሚደርስለት።

ግንቦት ላይ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሦስት ተማሪዎች መጡ፤
ላብ አጥምቋቸው ከማቀዝቀዣው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ።
ፊልም ሠርተናል አሉ፤ የአሥራ አንድ ደቂቃ፤ የሚያስፈራ።
ስሙ «ማን አንኳኳ»። የቀራቸው ፖስተር ነው፣ ለነገ፣ ብዙ ብር ሳያወጣ።

«ምን ይሁንላችሁ?» አልኩ።
ሐምዳ «ጅን» አለች። ሙዓዝ «ፊት የሌላት ሴት»።
ጂቢን ጥፍሩን እየበላ፣ «ደም ይብዛበት»።
«ደም አይሆንም» አለች ሐምዳ፣ «መምህሩ ከልክሏል፤
በኮሌጁ ግድግዳ ደም አይሰቀልም ብሏል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በአንተ አገር ሰው ምን ይፈራል?»
ጭራቅ ልላቸው ነበር። ጭራቅ በዓረብኛ ምን ይባላል?
ደግሞስ የኔ ጭራቅ ገደል ይፈልጋል፣ ጫካ፣ ጨለማ፤
እዚህ ሌሊቱ ራሱ ቢጫ ነው፤ መብራት የማይጠፋበት ከተማ።

ብቻዬን አመሸሁ። ርዕሱን ብጽፈው፣ ማሽኑ አሮጌ ነውና፣ ዓረብኛው ተቆራረጠ፤
እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚሄድ ፊደል ለየብቻው ቆሞ ተፋጠጠ።
እሱን በመከራ አስታረቅኩ። ፊት ግን የለኝም።

ከጠረጴዛው ሥር አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለች፤
የወደቁ ጉርድ ፎቶዎች ማደሪያ ነች፦
ብልጭታው ሲመጣ የጨፈኑ፣ ሊያስነጥሱ ሲሉ የተያዙ፣ ቆመው ያንቀላፉ፣
«ይደገም» ተብለው፣ ሁለተኛውን ይዘው ያለፉ።
የሰው ፊት አልጥልም፤ እናቴ የቆረጠችውን ጥፍር እንኳ አፈር ታለብሳለች።
አንድ የፔሻዋር ሾፌር። ቀለም ቀቢ። ስሟን ያልጠየቅኳት ሞግዚት።
ሙሉጎጃም፣ የእኛዋ፣ «ዓይን የጨፈነ አይቀበሉም» ስላት፣
«የገለጠውንስ መቼ ተቀበሉ?» ብላ የሳቀችበት።

ሃያ ሦስቱን አንስቼ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩ፤
ግንባር ከግንባር፣ ቅንድብ ከቅንድብ ገጠምኩ።
ጢሙ በጉንጯ ሟሟ፣ ሻሹ ከቆቡ ተዋሐደ፤
ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ ፊት ከነጩ ጀርባ ተወለደ።
ዓይኑ ብቻ አልተለወጠም፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ጨፍኗል።
ፈቃድ አልጠየቅኩም። ይሄ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ላትመው ስል ቀዩ ቀለም አለቀ። በሌሊት ቀለም የሚሸጥ ማን አለ?
ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ሳንቲም መሰለ።

ጠዋት ሐምዳ አየችው፣ ዝም። ጂቢን ጥፍሩን መብላት አቆመ።
ሙዓዝ «ሰውዬው ማነው?» አለና፣ መልስ ሳይሰማ በሩ ጋ ሄዶ ቆመ።
ስልሳ ድርሃም ከፈሉ፤ ግማሹ ዝርዝር ነበር።

አንዱን ብላሽ ወደ ማደሪያዬ ወሰድኩ። ስድስት ነን፣ በሦስት ተደራራቢ አልጋ።
በሩ ጀርባ ለጠፍኩት። ሲራጅ፣ የሌሊት ጥበቃው፣ ሲገባ ሊነጋጋ፣
ጫማውን በእጁ እንደያዘ ፊቱ ቆሞ ቀረ።
«አስፈራህ?» አልኩት።
«ኧረ፣ ደክሞት ነው» አለ። «ተወው፣ ይተኛ።»
ከዚያ ወዲህ፣ ማንም ሳያዘን፣
ያንን በር ቀስ አድርገን ነው የምንዘጋ።