ጤፍና ጧፍ

ጥር ሲጋመስ መጡ፣ ጤፌ ተበራይቶ፣
አንዱ ቁና አዝሎ፣ አንዱ አህያ ነድቶ።
«ሲሶው ለቀዳሽ ነው፣ የነጋሽ ነው ሲሶ»
አለኝ መሪጌታው፣ ጣቱን በምራቅ አርሶ።
ቁናቸው ከቁናዬ በእፍኝ ይበልጣል፤
«ይኸ ለምን?» ስለው፣ «ለሚረግፈው» ይላል።

እድሪስም ሰፈረ፣ የደብሩ ጭሰኛ፣
የአዲስ ዓለም ሰው ነው፣ የድሮ ጓደኛ።
ለማይገባበት ደጅ፣ ለማያውቀው ዜማ፣
ሁለት ዳውላ ጫነ፤ ድምፁም አልተሰማ።

ለንግሥ ጎንደር ወጣሁ፣ ሌሊት ገስግሼ፣
ከማሕሌቱ ደጃፍ ጋቢዬን ለብሼ፤
ያው ሰው፣ በዚያው ጣቱ ጸናጽል ጨብጦ፣
ሲያዜም አስለቀሰኝ፣ አንጀቴን ቆራርጦ።
ጤፌ ጧፍ ሆነና ይህን አበራ እንዴ?
አልሁ፤ አፈርሁም። ግና አጉረመረመ ሆዴ።

ቤት ስገባ ስንዱ ጎታ ታንኳኳለች፣
ባዶው የት እንዳለ በድምፁ ታውቃለች።

«ደመቀ?» አለ እድሪስ፣ ከሸማው ሳይነሳ፤
«ደመቀ» አልሁት እኔ፣ ድምፄ እየሳሳ።
«ከበራው ጧፍ መሀል የኔ የቱ ነበር?»
ብሎ ጠየቀኝና ቀጠለ መወርወር።