ሣጥን አርባ ሦስት

ኦርታ፣ ፋያል ደሴት፤ ውቅያኖስ መካከል።
ዝናቡ መስኮቱን በጎን ይገርፈዋል።
ዙልሚራ መብራቱን ወደ ራሷ ስባ፣
እርሳስ ብቻ ይዛ (ቀለም እዚህ አይገባ)፣
የሣጥን አርባ ሦስትን ሲባጎ ፈታች፤
ከአንድ ሟች ፋርማሲስት ጣራ ሥር የመጣች።

ስልሳ አንድ ደብዳቤ፤ የስድስት ሚስቶች ቃል፤
ባሎቹ ባሕር ላይ ናቸው፣ ዓሣ ነባሪ ያድናል
መርከባቸው፤ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይቆያል።
ዋናው ማዶ ተሻገረ፣
ግልባጩ እዚህ ቀረ።
አንዷ የላሟን ዋጋ ትነግረዋለች፣
አንዷ ጥርስ ያበቀለ ልጅ ታስተዋውቃለች፣
አንዷ «ጣራው ያፈሳል፣ ገንዘብ ላክ» ትላለች።
ስማቸው ልዩ ልዩ፣ ኑሯቸው ለየቅል፤
ግን የሁሉም ፊደል ጅራቱ ይታጠፋል
እንደ መንጠቆ፣ ወደ ግራ፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ስልት፤
ስድስት አፍ ነው እንጂ እጅ የለም ስድስት።

መዝገቡ ስሟን ያውቃል፤ ዴኦሊንዳ ትባላለች፣
የፖስታ ሹሙ ልጅ፣ ፊደል የቆጠረች፤
ዓርብ ዓርብ ደጃፏ ላይ ጠረጴዛ አውጥታ፣
ላንድ ገጽ ናፍቆት
ሦስት እንቁላል ጠይቃ፣ አንዱን መልሳ ሰጥታ።

ዙልሚራ ቆጠረች፣ ለየች፣ ቁጥር ሰጠች፤
ከሣጥኑ ወለል ስትደርስ ግን ቆመች።
አሥራ ሁለት ወረቀት በሰማያዊ ክር ታስሮ፤
ላኪው ፊርሚኖ ነው፣ በመርከብ ተሳፍሮ፤
ለሚስቱ ለኤውፍራዝያ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ኑሮ።
መልካም። ባል ለሚስቱ ቢጽፍ ምን ይገርማል?
ግን ጅራቱ… ጅራቱ ወደ ግራ ይታጠፋል።
ወረቀቱን ለብርሃን አንሥታ ብታየው፣
የውኃ ምልክቱ ያው የደሴቱ ነው።

ከሁሉ ሥር አንድ ቁራጭ፤ የሌላ እጅ፣ ሻካራ፤
ካፒቴኑ የጻፈው፣ ለፖስታ ሹም አደራ፦
«ፊርሚኖ በጥቅምት ገመድ እግሩን ይዞት ከዓሣው ጋር ወረደ።
ለሚስቱ አርዱልኝ።»
መርዶው ታጠፈ፤ ከመሳቢያ አልፎ አልሄደ።

ኤውፍራዝያ ያኔ እርጉዝ ነበረች።
ለዚህ ይሆን? እንጃ። ዴኦሊንዳ ብዕር ነከረች፤
ለሟቹ እጅ ሆነች፣ ለባሕሩ አፍ አበጀች።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር፣
ጠዋት ሚስት ሆና ጽፋ፣ ማታ ባል ሆና ስትመልስ ስታድር፦
«ክረምቱ ሳይገባ ጣራሽን ክደኚ፤
ልጁን ሳሚልኝ፤ እመጣለሁ፣ እመኚ።»
ከ«እመኚ» አጠገብ የቀለም ጠብታ አለ፤
ብዕሩ እዚያ ላይ ቆሞ የዋለ።

እና የመጨረሻው። ግልባጭ አይደለም፣ ዋናው ነው።
ዓርብ ቀን ደጃፉ ላይ ኤውፍራዝያ ያስጻፈችው፣
ሦስት እንቁላል አምጥታ፣
ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ቃል በቃል፣ በእርጋታ፦

«ፊርሚኖ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ ተነቦልኛል።
የሰማ ሁሉ ያደንቃል፣ አጻጻፉ ያምራል ይላል።
ስትሄድ ስምህን በመስቀል ነበር የምትፈርም፤
ባሕር ፊደል ያስተምራል? እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልልም።
በቃህ። ጣራውን ከድኛለሁ። ልጁም ቆሞ ሄደ።
ሻማዋ በኔ ምክንያት ሌሊት ሌሊት የነደደ፣
ያቺን ጸሐፊህን አሳርፋት። ካወቅሁ ቆይቻለሁ።
አሥራ ሁለቱንም ደብዳቤ በክር አስሬ መልሻለሁ።
ጥቁር ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እሑድ እለብሳለሁ።»

ይህን ሁሉ የጻፈው ያው ጅራተ ቆልማማ እጅ ነው፤
አንድ ቃል አልዘለለ፣ አንዱንም አልሰረዘው።
ከታች፣ ከፊርማው ቦታ፣ ሁለት መስቀል አለ።
አንደኛው ደፋር ነው፣ ወረቀቱን የበሳ።
ሁለተኛው ግን
የማን ነው? ፊደል ያላት ሴት
ስሟን መጻፍ ምን ነሳት?

ደወል ተደወለ፤ ሊዘጋ ነው ቤቱ።
ቅጹ ላይ ባዶ ነው፣ «የጸሐፊው ስም» ፊት ለፊቱ።
ዙልሚራ «ፊርሚኖ» ብላ ጻፈች፤ አጠፋች።
«ዴኦሊንዳ»፤ አጠፋች።
የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ አለች።
ሰማያዊውን ክር እንደነበረ አሰረች፤
በቅጹ ጥግ ላይ በእርሳስ
«ነገ» ብላ ወጣች።