ቀይ ቆብ ያጠለቀ ጃርት

ታኅሣሥ በቪየና ጨለማው ፈጣን ነው፣
ገና በዐሥር ሰዓት መብራት የምናበራው።
እኔ ከሚዛኑ፣ ፕሮሃስካ መዝገብ ላይ።
ደወሉ ሲጮህ ነው ጎረምሳው የቀረበ፣
የጫማ ሣጥን አቅፎ፣ ካፖርቱ የረጠበ።
«የአያቴ ነበሩ» አለና ዘረገፈ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ገና መስታወቱ ላይ ረገፈ።

ንጹሕ ብር፣ በቀለም ሥዕል የታተመበት፣
በየዓመቱ ያው ጃርት፣ ያው ቀይ ቆብ ያለበት።
አንዱ ላይ በጥንቸል ጋሪ ይንሸራተታል፣
አንዱ ላይ በእሾሁ ከረሜላ ሰክቶ ያድላል፣
አንዱ ላይ ጥድ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል፤
ማንኮራፋቱን እንኳ ቀራጩ ጽፎታል፣
ሦስት ትንንሽ ፊደል ካፍንጫው ይወጣል።

አያትየውን አውቀዋለሁ። ኦቶካር። በነጭ ጓንት
እንደ ጨቅላ ነበር ሳንቲሟን የሚቀበላት፣
እስትንፋሱን አምቆ፣ ጉም እንዳያለብሳት።
«ለልጅ ልጄ» ይል ነበር፣ «ሲያድግ ይደሰታል።»
ልጁ ይኸው አደገ። ዋጋ ይጠይቃል።

ፕሮሃስካ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
«ሥዕል አይመዘንም፣ ብሩን ነው» አለ።
«ጃርት የሚሰበስብ ማን አለ በዛሬ፣
በግራም እወስዳለሁ፣ ለማቅለጫ፣ እንደ ጥሬ።»

መዘንኩ።
ዐሥራ ዘጠነኛዋ ክዳኗ ተከፍቷል፤
ጃርቱ ሆድ ላይ አሻራ ጠቁሮ ይታያል፣
የሕፃን አውራ ጣት።
«ይቺስ ተበላሽታለች» ብሎ በጥፍሩ ገፋት።
ጎረምሳው አነሳት፣
ጣቱን ከአሻራው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤
አልገጠመም። ጣቱ በለጠ።
ሣቀ ወይስ አኮረፈ፣ ለይቼ አላየሁም።

እኔን ትዝ ያለችኝ የጠገራዋ እመቤት፣
ከዚሁ ከተማ ወጥታ፣ በቅሎ ተጭኖባት፣
ጨው ተገዝቶባት፣
የገበያው ሰው ዕንቁዋን በጥፍር እየቆጠረ፣
ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምጿን እየመረመረ፣
ቀልጣ መስቀል ሆና፣
ፊቷ በጣት ብዛት እስኪጠፋ ልጣ፣
«ተበላሸች» ያላት አንድም ሰው አልመጣ።

ዐሥራ ስምንቱን ሸጠ፤ አንዷን ኪሱ ከተተ።
በመስኮት አየሁት፣ ሐዲዱን ተሻገረ
ወደ ዝላታ ጋሪ፣ ድንች ወደምትጠብሰው፤
(ስሟ ባገሯ ቋንቋ ወርቅ ማለት ነው።)
ሰጣት። አገላበጠች። «አምስት ዩሮ» ይላል፤
ለካ ይላል! እኛ ሱቅ ይህን ማን ያነበዋል?
ጃርቱን አይታ ሣቀች፣ ድንቹን ጠቀለለች፣
መልሱን ቆጥራ ሰጥታው
ሳንቲሟን ከቆርቆሮው፣ ከሳንቲሞች ጣለች።

ፕሮሃስካ «ወይ ጉድ» አለ፣ መስኮቱን እየጠረገ።
እኔ በትራሙ ጩኸት መሃል የሰማሁ መሰለኝ፤
ዐሥራ ስድስት ዓመት ከክዳን በታች የኖረች፣
ዛሬ ገና፣
ብር አለች።