የቤት ቁጥር፦ አዲስ

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከአራተኛው ፎቅ፣
ታክሲው ወደ ለገሃር ሲወርድ፣ ሲጮኽ፣ ሲተናነቅ፣
እኔ በስክሪኔ ፊት ቃል እያሰርኩ ነበር፦
«ስም፣ ጽሑፍ ይሁን። ዕድሜ፣ ቁጥር።
ወር፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት።
ስልክ፣ አሥር አኃዝ፤ አንድም አይጉደልበት።»

ድሮማ በሩ ወለል ብሎ ክፍት፣
ዓይነቱ «ምንም ይሁን» የተባለበት፤
ስልክ ሲባል «ቆይቼ እሰጣለሁ» ያለ ባለጉዳይ፣
ከእናቱ በሦስት ዓመት የሚበልጥ ልጅ መዝገቡ ላይ፣
ሁሉም ዝም ብሎ ገብቶ፣ ዝም ብሎ ተኝቶ፣
በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በእኩለ ሌሊት ፈንድቶ።
ሳይቃጠል በቅጠል አልኩ።
ንድፉን አንዴ ጽፌ፣ ዓይነቱን ከእሱ ቀድቼ፣ ለበሩም እሱኑ ሾምኩ።
አንድም ቀይ መስመር አልታየኝ፤
ኮዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ «ልክ ነሽ» አለኝ።

ጠዋት ስገባ፣ ከፍተሻው በር፣
ዘርትሁን ቦርሳዬን ትዳብሳለች፣ አይታኝ እንደማታውቅ ነገር።
«አራት ዓመት አወቅሽኝ፤ ባጄም ይኸው አንገቴ ላይ!»
«ባጅሽ የተጻፈው ድሮ ነው፤ ቦርሳሽ የዛሬ ነው። ክፈቺው፣ ነይ።»
ያን ቀን ሳቅኩባት። ገባኝ ውሎ አድሮ፦
ዓይነት ማለት ባጅ ነው፣ ኮድ ሲጻፍ የታተመ ድሮ፤
ከመስኮቱ፣ ከሰው ጣት የሚመጣው ግን ባጅ አያነብም፤
በገባበት ሰዓት፣ በሩ ላይ ካልዳበሱት አይታወቅም።

ማክሰኞ በአራት ሰዓት ከታች ተደወለ፦
«አንድ አዛውንት ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ ሲስተሙ እምቢ አለ።»
ወረድኩ።
አቶ ወልደ ሰንበት ይመኑ። ሸበቶ፤ ኮታቸው ተተኩሷል።
እዚሁ ማዶ፣ ዋናው ፖስታ ቤት፣ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ለይተዋል።
ስማቸው መሐሉ ክፍተት አለው፤ ንድፌ ክፍተት አያውቅም።
የተወለዱት ጳጉሜ ስድስት፣ በሃምሳ አንድ፤ ንድፌ ጳጉሜን አያውቅም።
የቤት ቁጥር፦ «አዲስ»።
«አባባ፣ እዚህ ጋ ቁጥር ነው የሚጻፈው።»
«ቁጥሩ ነዋ! ቀበሌው እንዲህ ብሎ ነው የሰጠኝ።
ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ አዲስ ነኝ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። አሥራ ሦስት ወር እየኖርኩ አሥራ ሁለት የጻፍኩ እኔ፣
የተሳሳተው ማን ነው፦ እሳቸው? ንድፌ? ወይስ ዓይኔ?

እሳቸው ግን መነጽራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ፦
«ይህች 'ስህተት' የምትል ቀይ ነገር፣ የቱ ጋ እንደሆነ ለምን አትናገርም?
እኛ አድራሻ የጎደለው ፖስታ ዝም ብለን አንመልስም፤
'የሳጥን ቁጥር የለውም' ብለን፣ በቀይ አክብበን፣ ጎዶሎውን።
ሰው የተመለሰበትን ካላወቀ፣ ነገም ይዞ የሚመጣው ያንኑ ይሆን።»

ማታ ንድፉን ከፈትኩ። ወሩን አሥራ ሦስት አደረግኩ፤
ለጳጉሜ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ብዬ ጨመርኩ።
የቤት ቁጥር፦ ቁጥር፣ ወይም «አዲስ» የሚል ቃል።
ያኔ ኮዴ ሁሉ በአንዴ ቀላ፤ ከሠላሳ ፋይል
ዓይነቱ ጮኸብኝ፦ «እዚህ ጋ ደምረሽው ነበር፤
'አዲስ' ሲደመር ስንት ነው? 'አዲስ' በምን ይደመር?»
ለካ እስከ ዛሬ የሰው ቤት ስደምር ነበር።

ረቡዕ መጡ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየች።
አረንጓዴ።
«እንግዲህ ተወለድኩ?» አሉኝ።

አንዲት ሳጥን ቀረች። የባለቤት ስም፦ ባዶ።
«ረስተውት ነው አባባ፣ ወይስ የለችም?»
«ነበረች» አሉ።

ንድፌ «አለ»ን ያውቃል፤ «የለም»ንም ያውቃል።
«ነበረች» ምን ዓይነት ነው?
እስካሁን አልጻፍኩትም።
ማታ ስወጣ ዘርትሁን ቦርሳዬን ከፈተች፤
ውስጡን አይታ፣ ፊቴን አይታ፣ «እለፊ» አለች።