ባለ ሦስት ክንፍ ቤት

ሰኔ ሲገባማ ሙያዬ ይተኛል፤
ሐዋሳ ሲቀዘቅዝ ማን ንፋስ ይገዛል?
አቶቴ ባለችው በቆርቆሮ ሱቄ
ስንት ቀን አመሸሁ ደንበኛ ጠብቄ።
አንድ ብቻ ቀርቷል፣ የሹፌር ሌዳሞ፣
ባለ ሦስት ክንፍ፣ ከጥጉ ላይ ቆሞ፤
ጠግኜ ጨረስኩት፣ ሊወስደው አልመጣ፤
ቀሪ ሂሳቤንም ይዞት እንደወጣ።
በዚያ ክንፍ መካከል አንድ ማለዳ ባይ
ሸረሪት ዘርግታ፣ ካንዱ ክንፍ አንዱ ላይ።

ንፋስ መሥሪያ ላይ ንፋስ ሸሽታ መጣች።

ወይዘሮ ዱካሌ ኪራይ ሊጠይቁ
ጃንጥላቸው ቀድሞ እሳቸው ዘለቁ።
«የሁለት ወር አለ» አሉኝ በለሆሳስ፤
ድሩን ሲያዩት ጮኹ፣ ጎረቤት እስኪደርስ፦
«ድር ያደራበት ቤት ሰው የተወው ነው፤
ወይስ ያንተን ኪራይ እሷ ነች የምትከፍለው?»

በሲሚንቶ ደፈንኩ የግድግዳ ስንጥቅ፣
በር ሥር ጎማ መታሁ ክፍተቱ እንዲጠብቅ፤
ነጩን አምፖል ፈታሁ፣ ቢጫ ቀየርኩበት፣
የሐይቁ ትንኝ ሁሉ እንዳይሰፍርበት።
ትንኙ ካልመጣ ምኗን ትበላለች?
ሁለት ቀን ጠብቃ ትታኝ ትሄዳለች፣
አልኩ።
አልሄደችም።

ላምባ የነካ ጨርቅ ዙሪያውን አዞርኩኝ፣
የሎሚ ልጣጭም መስኮት ላይ ሰጣሁኝ።
ያ የታቦር ብርድ ግን ሎሚ መች ይፈራል፤
በቆርቆሮው ሾልኮ ሁላችንን ያገኛል።

መጥረጊያውን ይዤ አየኋት ቀርቤ፣
በስንዝር ርቀት ትንፋሼን ሰብስቤ፤
ስምንት እግሯን አጥፋ፣ ደረቷ ላይ ጥላ፣
አትንቀሳቀስም፣ አትፈትል፣ አትበላ።
የሞተች መስሎኝ ነው እፍ ያልኩባት ድንገት፤
አንድ እግሯን ዘርግታ መልሳ አጠፈቻት።
እንደ ቬንትሌተር፣ ከሦስት ወደ አንድ፣
ነፍሷን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳትነድ፣ እንዳትበርድ፣
ያንዲት ትንኝ ስንቅ ለወር አብቃቅታ
ዝም ብላ ታልፋለች፣ ረሃቡን ተጠግታ።

እኔም በዚያ ሐምሌ ቁርስ የሚባል ነገር
ትቼ ነበር። ይቅር፤ የእሷኑ ልናገር።

«ድር ቢያብር» ይላሉ፤ አንበሳ አላየሁም፤
ብቻዋን ናት፤ ድሯም ዝንብ እንኳ አልያዘም።
መጥረጊያውን መለስኩ። እትዬንም ዋሸሁ፤
ክንፉን ጨርቅ አልብሼ «ጠርጌያታለሁ» አልሁ።

ጳጉሜ ላይ ገለጥኩት። ከሞተሩ ጥግ ሥር
ሽንብራ የሚያህል ነጭ ቋጠሮ ነበር።
እሷ ክር አክላለች፤ ቋጠሮው ግን ሞልቷል፤
የጾመችው ሁሉ እዚያ ተቀምጧል።

መስከረም ሲገባደድ፣ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
ሹፌሩ ሌዳሞ ላብ አጥምቆት መጣ።
«ቤቱ ምድጃ ነው! ይኸው ቀሪ ብሩ፤
እስቲ አስነሣውና ይታየኝ መዞሩ።»
ሶኬቱ እኔ እጅ ላይ፣ ብሩ እሱ እጅ ላይ፤
ጨርቁን አነሣሁና ቋጠሮውን ሳይ፣
ጫፉ ተቀድዷል፤ እንደ ጤፍ ፍሬ
የደቀቁ ነፍሶች፣ መች ልጨርስ ቆጥሬ፣
በክንፎቹ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ቆመው
ንፋስ ይለምናሉ፣ ክር ባየር ላይ ለቀው።

ክረምቱን በሙሉ ደንበኛ ስጠብቅ፣
ንፋስ ፈላጊዎቹ እዚሁ ነበሩ፣ ከጨርቁ ሥር።

ሶኬቱን ነቀልኩት። «ነገ ና» አልኩ ለሱ።
«ደግሞ ምን ጎደለው?» ብሩን ወደ ኪሱ
እየመለሰ ወጣ።
የደረቀውን ልጣጭ በእጄ ጠረግኩና
መስኮቱን ከፈትኩት፣ በሐይቁ በኩል።

በመንገዱ ማዶ
የወይዘሮ ዱካሌ ጃንጥላ ይመጣል፣
ዝናብ በሌለበት።