አምስተኛው ቃል

ሎንቾ ሾፌር ነው፤ ከሄርናኒ ቶሎሳ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያራግፍ ሲያነሳ።
በቲኬት ጀርባ ላይ ቃል ይለቅማል ደግሞ፣
ቀይ መብራት ሲያስቆመው፣ መሪው ላይ አጋድሞ፤
የሚገጥም ካገኘ ኪሱ ይከተዋል፣
ያልገጠመውንም "ቤት ታገኛለህ" ይለዋል።

ሚስቱ ማይዴር ናት ኪሱን የምታውቀው፤
ሱሪ ስታጥብለት ቃል ውኃ እንዳይነጥቀው
ቲኬቱን አውጥታ፣ ማሞቂያ ላይ አስጥታ፣
"ይኼኛው፣" ትላለች፣ "ይኼኛው ቤት መታ፤
ይኼ ግን ደጅ ያድራል" ትላለች ማታ ማታ።

"እንዴት ነው ምትገጥመው?" አልሁት አንድ ማለዳ፣
ከጎኑ ቆሜ እሱ እየነዳ።
"አውቶቡስን እየው፤ ገና ሳይነቃነቅ
መድረሻውን ጽፎ ግንባሩ ላይ ሲያደምቅ፤
ግጥምም እንደሱ ነው፤ ጫፉን ሳትይዝ አትሂድ፣
የመጨረሻው ቃል ነው ፊተኛውን የሚወልድ፤
ከዚያማ ቀላል ነው፤ ማቆሚያ ማበጀት፣
ሰው ማውረድ፣ ሰው መጫን፣ እስክትደርስ ከቤት።"

ማይዴር በጥር ሞተች። ሎንቾ ዝም አለ፤
ቀይ መብራት ላይ እንኳ እጁ መሪ ላይ ዋለ።

በሚያዝያ ግን መጣ ለውድድሩ ማታ፣
ከፖም ጠጅ አዳራሽ፣ ከበርሜሎች ተርታ።
እኔ ዳኛ ነኝ፤ እርሳስ ይዤ ከፊት፣
ፋርማሲ ዘግቼ የመጣሁ በዚያ ሌሊት።
መድረክ መሪዋ ጋራዚ ወረቀት ገለጠች፣
"ርዕስህ፣" አለችው፤ አየችው፤ ደነገጠች፤
ዕጣ ነው፣ ምን ታርግ፤ "ባዶ ወንበር" አለች።
ሁላችን እናውቃለን የትኛው እንደሆነ፣
ከሾፌሩ ጀርባ፣ ጨርቁ የመነመነ።

ሎንቾ ዐይኑን ጨፈነ። ጀመረ በዜማ፤
በርሜል ሲንጠባጠብ ብቻ ነው የሚሰማ፦

"ከኋላዬ አለ አንድ የተላጠ ወንበር፣
ማለዳ ማለዳ የሚያይ ወደ በር፣
ተሳፋሪ አክብሮ የማያልፈው ድንበር፣
ለሁለት ተጠርቦ ላንድ የቀረ ቀንበር፤"

አራት ቤት ተመታ። አምስተኛው ቀረ።
አዳራሹ ቀድሞ ቃሉን ጠረጠረ፤
እዚህ ባስክ አገር ሰሚ ዝም ብሎ አይሰማም፣
ከገጣሚው እኩል ካልዘጋ አይስማማም።
ሁለት መቶ ምላስ ቃሏን ይዞ ቆመ፤
ሦስት ፊደል ብቻ፤ ስንት ሰው በሷ ታተመ።
ሎንቾም ያውቃታል፤ አየሁት ሲያላምጣት
በግራ በቀኝ ጉንጩ፤ ኋላ ግን ዋጣት።
ዐይኑን ገለጠና፦

"ከኋላዬ አለ አንድ የተላጠ ወንበር።"

አንድ ቃል ሁለቴ! ሕጉ ግልጽ ነው ለሁሉም፤
ለጀማሪ እንኳ "ግድ የለም" አይሉም።
ነጥቡን ቀነስሁበት። በዚችው በእጄ፣
እርሳሴን አሹዬ፣ እንደ ሕጉ ፈርጄ።

ሦስተኛ ሆነ ሎንቾ። ማልዶ አውቶቡሱ መጣ፤
ሳንቲሜን ተቀበለ፤ ቲኬቱን አወጣ።
ጀርባው ላይ ምንም የለም። እርሳሴን ፈለግሁ፤
አራቱን ደርድሬ አምስተኛው ላይ ደረስሁ፤
እጄ አልታዘዝ አለኝ። መልሼ ኪሴ ከተትሁ።
ሰው አልነበረም ልበል? እሱንም ተውሁት።
አውቶቡሱ ባዶ ነው፤ እኔ ግን ቆሜ ሄድሁ፣
በአንድ እጄ ይዤ የተላጠ ወንበር።