ሁለተኛው ዝላይ

በጥር ማታ ደረስኩ ኡቴና ከተማ፣
በረዶ ጠጥቶ በሚያለቅስ ጫማ።
የላከኝ ክለብ ነው፣ ትልቅ፣ ባለገንዘብ፤
ሥራዬ መመዘን፣ ሥራዬ ማንበብ፤
የሰው ልጅ ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣
አየር ላይ ሲወጣ ስንት መቆየቱን።

ደብተሬ ላይ አለ፦ ስም፣ ጊንታውታስ፤
ዕድሜ፣ ሃያ አንድ፤ ቁመት፣ በር የሚያስጎነብስ፤
ቦታ፣ ከቀለበት ሥር፤ ግን ሁለተኛ፣
ኤርቪዳስ ሲደክም የሚጠራ፣ ሌላ ጊዜ ዝምተኛ።

ከዓምዶቹ ሁሉ አንዱ ያስቸግረኛል፤
«እምቅ አቅም» ይላል፤ ቁጥር ይጠይቀኛል።
ላም አለኝ በሰማይ ብሎ የተማማለ፣
ስንቱ ባለሀብት ወተቷን ሳይቀምስ ለገመድ ከፈለ!
እኔም ደላላዋ ነኝ፤ «ይበራል» ያልኩለት፣
ክላይፔዳ ወደብ ክሬን ይነዳል ዛሬ፤ ከፍታው አልቀረበት፤
የቀረበት ጉልበቱ ነው።

ሲያሟሙቅ አየሁት። ዓይን አይሞላም፣ እውነቱን ልናገር፤
ሩጫው የተጫነ ጋሪ ነው፣ ዳገት ላይ ሲያማርር።
ሁለት እግሩን ሰብስቦ፣ እንደ ዕዳ ከፋይ እያመነታ፣
ከተባለ ዘለለ፤ ጋዜጣ ያልፍ ይሆናል ከእግሩ በታች፣ በዝግታ።
ጻፍኩ፦ «ዝላይ፣ ደካማ። ፍጥነት፣ የለም። ጎን ለጎን፣ ዘገምተኛ።»
እስክሪብቶዬን ዘጋሁ፤ ልቤ ቀድሞኝ ተኛ።

ሁለተኛው ሩብ ላይ ኤርቪዳስ ሦስተኛ ፋውሉን ሠራ፤
አሰልጣኙ ስታሲስ፣ ሳይዞር፣ በጣቱ ጠራ።
ልጁ ፎጣውን አጠፈ። አራት ማዕዘን አስተካክሎ፣
ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ «ጠብቀኝ፣ መጣሁ» ብሎ።

ኳሱ ከቀለበት ነጠረ። ሦስት ረጃጅሞች አብረው ተነሱ፤
እሱም ተነሳ፣ ዝቅ ብሎ፤ በሌሎቹ ክርን ላይ ቀረ ራሱ።
የጣቱ ጫፍ ነካችው ብቻ። ሁሉም ወረዱ።
መሬት ሲነኩ ጉልበታቸው ታጠፈ፤ እንደገና ሊዘሉ ሲሰናዱ፣
እሱ ወጥቷል።

መቼ ወረደ? መቼ ተነሳ? የገባኝ አንድ ነገር፤
መሬቱ ለእሱ ማረፊያ አልነበረም፣ መሸጋገሪያ ነበር።
ደግሞ ነካው። ወረደ፤ ወጣ። በሦስተኛው ያዘው፣
ቁልፉን ከኪሱ እንደሚያወጣ ሰው፣ ሳይቸኩል፣ ምንም ሳይደንቀው።

የዘለለ ይዝላል። የመጀመሪያው ዝላይ የጡንቻ ነው፣ የወጣትነት፤
ሁለተኛው ግን ከየት ይመጣል? ለእሱ ዓምድ አላበጀሁለት።

የውጤት ሰሌዳውን የምትቆጣጠር ብሮኔ፣ ከቦርሳዋ ፖም አውጥታ፣
«ለእሱ ነው የመጣኸው?» አለችኝ፣ ግማሹን ለእኔ ሰጥታ።
«እናቱ ጎማ ቤት አላት፤ ወገቡን አየህ? ጎማ ሲያነሳ ነው ያደገው፤
ብዙ አትጻፍ። ትወስዱታላችሁ። ማክሰኞ ጨዋታ አለን፤ ማን ሊተካው?»

ዘጠኝ ደቂቃ። አራት ኳስ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ፋውል፤ አንዱ የሞኝ።
አንዴ ከቀለበት ሥር ብቻውን ሆኖ ሳተ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ እኔን አመመኝ።
ኤርቪዳስ ሲመለስ
ፎጣው እንደታጠፈ ነበር።

ሌሊት፣ በእንግዳ ማረፊያው ኮሪደር፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣
አንዴ ዘለልኩ፣ አምሳ ስምንት ዓመቴን ሁሉ አንስቼ።
ወረድኩ። ሁለተኛውን ፈለግኩት፣ በጉልበቴ፣ በጥፍሬ፤
መሬት እንደ ዘመድ አቅፎ አስቀረኝ፤ ተመለስኩ ወደ ደብተሬ።

«ዝላይ፣ ደካማ» የሚለውን አልሰረዝኩም፤ ልክ ነው።
«እምቅ አቅም» ባዶ ነው፤ ቁጥር ፈልጌ አጣሁለት።
ከታች፣ ኅዳጉ ላይ፣ በትንሹ ጻፍኩ፦
«ሲወርድ ተመልከቱት።»

የብሮኔ ግማሽ ፖም ኮት ኪሴ ውስጥ ጠቁሯል። በላሁት።
ሪፖርቱን ግን
ከማክሰኞ በፊት አልላክሁትም።